አንድ ፊርማ የጎደለው ቅጽ

ሜይላንድ ሃይትስ በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ዳገት ላይ የተቀመጠ ሰፈር ነው። ከምዕራብ ጫፉ ሲቆሙ ከታች ዲርፉት የተባለው አውራ ጎዳና፣ ከጎኑ ቀጭኑ የኖዝ ክሪክ ወንዝ፣ ከወዲያ ደግሞ የመሀል ከተማው ፎቆች ይታያሉ። እዚያ ሰፈር ባለ አንድ ቤት፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ የጠመንጃ ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሁሉም ቦታ ተሞልቷል። የቀረው የትዳር ጓደኛ የምትፈርምበት መስመር ነው።

ቅጹን የሞላው ሰው ታክሲ ነጂ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ስትራትሞር አጠገብ በተከራዩት መስክ በጎች ያረባል፤ በበዓል ሰሞን ለአበሻው ይሸጣሉ። በጸደይ ግልገሎቹ ሲወለዱ ካዮቲ መጣ። አጥሩን አጠበቁ፤ ማታ ማታ በጎቹን ጋጣ አስገቡ። አውሬው በቀን መምጣት ጀመረ። የመሬቱ ባለቤት አዝኖላቸው፣ የአልበርታ ነዋሪ ባለመሬቱ ከፈቀደለት ካዮቲን ዓመቱን ሙሉ ያለ አደን ፈቃድ መግደል እንደሚችል ነገራቸው። ለአደኑ ፈቃድ ባያስፈልግም ጠመንጃ ለመያዝ ግን ያስፈልጋል። ከሦስቱ ይህን ጣጣ እሱ ወሰደ።

ጠመንጃ መምረጥ ለእሱ አዲስ ነገር አይመስለውም ነበር። ያደገው የጠመንጃ ስም እንደ ዘመድ ስም በሚጠራበት አገር ነው፤ ምንሽር፣ በልጅግ፣ አልቢን፣ ውጅግራ። ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ በአፋቸው ‹ፉዚ ግራ› የሚሉት ጠመንጃ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነበር። አሠራሩም ሰውየው ዛሬ ከሚፈልገው የራቀ አይደለም፤ እንደ በር መቀርቀሪያ እጀታው ወደ ላይ ተነስቶ፣ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ጥይት አጉርሶ ይዘጋል። ልዩነቱ ውጅግራ ካዝና ስለሌለው በየተኩሱ አንድ አንድ ጥይት መጉረሱ ነው።

ሱቅ ውስጥ ያገኘው ግን ሌላ ዓለም ነው። ሳቬጅ አክሲስና ሩገር አሜሪካን የሚባሉት፣ ሰደፋቸው ፕላስቲክ የሆነ፣ ማንም ቢያያቸው የማይፎክርባቸው ጠመንጃዎች ናቸው። ከመነጽራቸው ጋር ከሌሎቹ ረከስ ባለ ዋጋ ይገኛሉ። የፕላስቲኩ ሰደፍ ሲጫኑት ይለምጣል፤ አፈሙዙ ግን ሰደፉን ሳይነካ ስለሚቀመጥ አነጣጥሮ መምታቱን አያጣም። የሩገሩ እጀታ ሲከፈት 70 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሳ ከመነጽሩ ጋር አይጋጭም። ለድሃ አዳኝ የሚበጀው ምክር አጭር ነው፤ ከጠመንጃው ዋጋ ቀንሰህ ለመነጽሩ ጨምር።

ከዚያ የጥይቱ ነገር መጣ። .22-250 የሚሉት አረሩን በሰከንድ ከ1,100 ሜትር በላይ ያስፈነጥራል፤ ነገር ግን አፈሙዝ ቶሎ ይበላል፣ ጥይቱም ውድ ነው። .243 ከበድ ያለ አረር ስለሚተኩስ የካልጋሪን ነፋስ ይቋቋማል፤ አጋዘንም ይጥላል። .223 ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ትከሻ አይመታም፤ እስከ ሁለት መቶ ሜትር ድረስ ለካዮቲ ከበቂ በላይ ነው። ለአጋዘን ግን በአልበርታ ሕግ አይፈቀድም፤ ለትልልቅ አውሬ ከ.23 ካሊበር ያላነሰ ይጠየቃል። ጓደኞቹ «.243 ግዛ፤ በዚያው ሥጋም ይገኛል» አሉት። እሱ .223ን መረጠ። ምክንያቱን ሲጠይቁት «አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ይሁን» አለ። ይህን ያለው ለእነሱ ሳይሆን ቤት ላለችው ሚስቱ ነበር።

እንግሊዝኛው ጎፈርንም ካዮቲንም በአንድ የንቀት ቃል ያጠቃልላቸዋል። አማርኛ እንዲህ አያደርግም፤ እህል የሚፈጀው ተባይ ነው፣ በግ የሚበላው አውሬ ነው። እረኛ አውሬን ይፈራል፣ ይረግማል፤ አይንቅም። ቢሆንም ቀበሮ ገድሎ የፎከረ ጀግና አልተሰማም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የቀረው ቀይ ቀበሮ ደግሞ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ስለሆነ፣ በአገር ቤት ዛሬ የሚጠበቀው በጉ ብቻ ሳይሆን ቀበሮውም ነው። አማርኛ ሌላም ጉድ አለው። የሚያድነው ሰው ‹አዳኝ› ነው፤ በጉን የሚነጥቀውም ‹አዳኝ አውሬ› ነው፤ ከሞት የሚታደገውም ‹አዳኝ› ነው። ፊደሉ አንድ ነው። የሚለያቸው የ‹ዳ› መጥበቅና መላላት ብቻ ነው፤ በጽሕፈት ደግሞ መጥበቅና መላላት አይታይም።

ሚስቱ የምትፈራው ይህንኑ የማይታየውን ነው። ልጅ ሳለች በሰፈሯ ሰርግ ነበር። ሙሽራው ሲገባ ወንዶቹ በደስታ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ማንም በማንም ላይ አላነጣጠረም። ከወንዙ ማዶ ውሃ ልትቀዳ የሄደች የአክስቷ ልጅ አልተመለሰችም። ሽማግሌዎች ገብተው እርቅ ወረደ፤ ካሳም ተከፈለ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጠመንጃ የምታውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ጥይት የት ሄደ?

ቅጹ ያለ እሷ ፊርማም ሊላክ ይችላል፤ ያኔ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያሳውቃታል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። እሱ አልላከውም። ከደኅንነት ሥልጠናው የተመለሰ ዕለት ማታ፣ ቡና ሲጠጡ፣ የተማረውን ነገራት። ጠመንጃው ቤት ውስጥ ጥይት ሳይጎርስ፣ ተቆልፎ መቀመጥ እንዳለበት፤ አለዚያም የሚቀባበልበት ብረት፣ መቀርቀሪያው፣ ተነቅሎ ሌላ ቦታ መቀመጥ እንደሚችል።

«ይነቀላል?» አለች።

«በእጅ ይወጣል። ያለሱ ጠመንጃው ዱላ ነው።»

ስኒዋን አስቀመጠች። «ጠመንጃው ያንተ ይሁን። እሱን ብረት እኔ ነኝ የማስቀምጠው።»

በማግስቱ ፈረመች። ለመጀመሪያ ጊዜ አመልካች ሕጉ ቢያንስ 28 ቀን ያስጠብቃል፤ የነሱ ከዚያ ዘገየ። ጠመንጃው ሲመጣ ከምድር ቤቱ ቁም ሣጥን ተቆለፈበት። መቀርቀሪያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሀበሻ ቀሚሶቿ ሥር ገባ፤ ቁልፉም ከእሷ ጋር ሆነ። ወደ መስክ ሊሄድ ሲል ይጠይቃታል፤ እሷም ከመስጠቷ በፊት ትጠይቀዋለች። «ከኋላው ምን አለ?» እሱም መልስ ሊኖረው ይገባል፤ ዳገት፣ የአፈር ክምር፣ የሸለቆ ግድግዳ።

አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ ካዮቲዋ መጣች። መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጉብታው አናት ላይ ቆመች። መነጽሩ ውስጥ ጆሮዋ ሳይቀር ይታይ ነበር። ከኋላዋ ሰማይ ብቻ ነበር። ጣቱን ከቃታው አነሳ። እሷም ትንሽ አይታው ጉብታውን ተሻግራ ሄደች።

ማታ ቤት ገብቶ ይህንኑ ነገራት። ምንም ሳትል መቀርቀሪያውን ተቀብላ በጨርቁ ጠቀለለችው። በማግስቱ ከመስኩ ተደወለ፤ አንድ ግልገል ጎድሏል። እሱም ስልኩን ዘግቶ ዝም አለ። ሁሉን የሰማችው ሚስቱ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ ብረቱን ከነጨርቁ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «ሂድ» አለችው፤ «ግን ሌላ ቦታ ቁም፤ ከኋላዋ ዳገት የሚሆንበት።»