የካባ ሰዎች

እንሴኖን የሚያውቅ ሰው የሚያውቃት በበርበሬዋ ነው። መሬቱ ከዘቢዳር ተራራ ወርዶ፣ ቡታጅራን አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሜዳ ሲዘረጋ ታገኟታላችሁ። በርበሬ ሲደርስ ገበያው ይቀላል። ገዢው ዛላውን በመዳፉ ያንኮሻኩሻል፣ ፍሬውን ያያል፣ ያስነጥሰዋል፤ ካስነጠሰው በኋላ ዋጋ ይቀንሳል። (ማስነጠሱ የጥሩ በርበሬ ምልክት መሆኑን ሻጯም ገዢውም ያውቃሉ፤ ግን ንግድ ነው።) ይህችን ከተማ የማዕድን ከተማ የሚላት የለም። ወርቅ የላትም፤ ፕላቲነም የላትም። ይሁንና ከመሬት ሆድ ወጥቶ ሰው እንጀራ የሚበላበት ነገር ሁሉ ማዕድን ከሆነ፣ የእኛም አገር ድርሻ አለው። ከቡታጅራ ወደ ስልጤ ሲሄዱ ዳርና ዳር የሚታዩት ኮረብቶች በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው። ክቡ ሐይቅ ሐረ ሸይጣንም የዚያው እሳት ሥራ ነው። አንዳንዱን ኮረብታ ገሸለጥ ቢያደርጉት ውስጡ ቀይ፣ ቀላል፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። መንገድ ሠሪ ይወደዋል፣ ቤት ሠሪ ይወደዋል። ስለዚህ ኮረብታው ከአንድ ወገኑ እየተበላ ይሄዳል። የሚበላበትን ቦታ ካባ እንለዋለን።

ካባ ውስጥ ሥራ የሚጀመረው ፀሐይ ሳይበረታ ነው። መጀመሪያ ዶማና ዲጂኖ የያዙት ይመጣሉ፤ ከሥር ከሥሩ ይቦረቡሩታል። ሥሩ ሲቦረቦር የላዩ በራሱ ጊዜ ተንዶ ይወርዳል፤ ጉልበት ይቆጥባል። ሰው የሚቀበረውም በዚሁ ጉልበት ቆጣቢ ዘዴ ነው። ነባሮቹ ቆፋሪዎች በአንድ ዓይናቸው የሚቆፍሩትን፣ በሌላው ከራሳቸው በላይ ያለውን ግድግዳ ያያሉ። ጠጠር ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ዶማውን እዚያው ጥሎ ይሮጣል። ከዚያ ጫኞቹ አካፋቸውን ይዘው ከመኪናው ኋላ ይሰለፋሉ። ሒሳቡ በመኪና ነው። አንድ መኪና ሲሞላ ገንዘቡ ለጫኙ ሁሉ ይከፋፈላል፤ በመኪናና በመኪና መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ የሻይ፣ የቆሎ፣ የቆጮና የክርክር ጊዜ ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የኳስ ነው።

ከእነዚህ ካባዎች በአንዱ ቆሜ ካቦውን ዛሬ ስንት ሰው እየሠራ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሰባት መኪና፣ ጋሼ» አለኝ።

«ሰውን ነው የጠየቅሁህ፣ ወንድሜ።»

«እሱማ እንደ መኪናው ነው። መኪና ሲበዛ ሰው ይበዛል፤ መኪና ሲጠፋ ሰውም ይጠፋል።»

መልሱ በመጀመሪያ አሳቀኝ። በኋላ ግን ስለ አገራችን የማዕድን ሥራ ያነበብሁት ሁሉ የተጻፈው በዚህ ካቦ እጅ መሰለኝ።

አፋር ውስጥ ያለውን ዳሎልን እንውሰድ። ሄጄበት አላውቅም፤ ሙቀቱ በወሬ ይበቃኛል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር፤ ይኸውም ቀኑ ከሌሊቱ፣ ክረምቱ ከበጋው ተደባልቆ ነው። ጨዋማው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። እዚያ ቦታ ላይ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ገና ልጅ ሳለ የማዕድን መንደር ተቋቁሞ ነበር።

ምክንያቱ ከአፋር በጣም ይርቃል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የዓለም ፖታሽ ከሞላ ጎደል በጀርመን እጅ ነበር። ፖታሽ የማዳበሪያ እናት ነው። ባሕሩ ሲዘጋና ጀርመን ስትታጠር የፈረንጅ ገበሬ ማዳበሪያ አጣ፣ ዋጋው ሰማይ ወጣ። በኤርትራ የተቀመጡት ጣሊያኖች ዳሎልን አስታወሱ። ከቀይ ባሕር ወደብ ከመርሳ ፋጥማ ተነሥቶ ወደ ዳሎል አቅጣጫ የሚሄድ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ በሚያዝያ 1918 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ድረስ ቀረበ። ምርቱ 50,000 ቶን ደረሰ ይባላል። ቤት መሥሪያ እንጨት የለም፣ ጭቃም የለም፤ ያለው ጨው ነው፤ ቤቱም በጨው ጡብ ተሠራ። ጦርነቱ አለቀ፣ የጀርመን ፖታሽ ተመለሰ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ሥራው ቆመ። ከ1925 እስከ 1929 ደግሞ አንድ የጣሊያን ኩባንያ ተመልሶ 25,000 ቶን ያህል አወጣ። በመሃሉ በ1926 ምድሪቱ ራሷ ፈነዳች፤ ከሥር ያለው ግለት ውሃውን አፍልቶ ጉድጓድ ከፍቶ ሄደ። በ1960ዎቹ አሜሪካኖች መጥተው ቆፈሩ፤ እነሱን ያባረራቸው ጉድጓዳቸውን የሞላው ውሃ ነው። ዛሬ የቀረው የጨው ግድግዳ ፍራሽና የዛገ ብረት ነው፤ ቱሪስት አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሣል።

አያችሁ? ቶኑን ነገርኳችሁ፤ ኪሎ ሜትሩን፣ ዲግሪውን፣ ዓመተ ምሕረቱን ነገርኳችሁ። በዚያ ሙቀት ፖታሹን ከመሬት ፈልፍሎ እስከ ባቡሩ ያደረሰውን ሰው አንድም ቦታ አልጠራሁትም። ታሪኩን ያወረሱን መጻሕፍት ሲጽፉት «ጉልበት» ብለው ያልፉታል። ጉልበት ይጠማል ወይ? ጉልበት ሚስት አለው ወይ? ደመወዙን ይዞ ወዴት ነው የሚሄደው? የካቦው መልስ ነው፤ እንደ መኪናው።

የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። በዚያው ሜዳ፣ ከኩባንያዎቹ በፊትም ከኩባንያዎቹ በኋላም፣ ጨው ሲቆረጥ ኖሯል። አሞሌ ገንዘብ በነበረበት ዘመን የአገሩ ሁሉ ኪስ የሚሞላው ከዚያ ነበር፤ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበትና ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው ሲወደድ አይቶ ጽፏል። ሥራው የተከፋፈለ ነው። አንዱ የጨውን ቅርፊት በእንጨት ዘንግ ፈንቅሎ ያነሣል። ሌላው፣ አብዛኛውን ጊዜ አፋር የሆነው፣ ቁጢጥ ብሎ በትንሽ መጥረቢያ ዙሪያውን ይጠርባል፤ ጡቦቹም ጎን ለጎን ሲደረደሩ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። ሦስተኛው ያስራል፣ ግመል ነጂው ይጭናል፣ ወደ በራሕሌና ወደ መቀሌ ደጋውን ይያያዙታል። ጨው እጅ ይሰነጥቃል፣ እግር ይበላል። ኑሮው የሚያስቀና አይደለም፤ ያስቀናል የሚል ጸሐፊ ካለ አንድ ቀን ቁጢጥ ብሎ ይሞክረው። ይሁን እንጂ ቆራጩ በፈነቀለው፣ ጠራቢው በጠረበው ይታሰብለታል፤ ማን ምን እንደሠራ በሥራው ላይ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ። የበርሊን ዋጋ ስለወደቀ የተበተነ የአሞሌ ቆራጭ የለም። ኩባንያዎቹ ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ጊዜ ሲሄዱ፣ እነሱ ግመላቸውን እየጫኑ ነበር። አስፋልት ከገባ በኋላ መኪና ከግመሉ ጋር መሻማት ጀምሯል፤ ያ ሌላ ወግ ነው።

ወለጋ ዩብዶ ያለው ፕላቲነምም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. ሩሲያ በአብዮት ስትታመስ ከኡራል የሚመጣው ፕላቲነም ተቋረጠ፤ የብረቱ ዋጋ ናረ፤ ከ1926 ጀምሮ አልቤርቶ ፕራሶ የሚባል ጣሊያናዊ ባገኘው ቦታ ላይ የቢርቢር ወንዝ አካባቢ አፈር እየተቆፈረና በውሃ እየታጠበ ከባዱ ብረት መለየት ጀመረ። ኩባንያው በፕራሶ ስም ተጠራ። በ1927 የጄኔቫው ሊቅ ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ በዚያ ያገኙትን ድንጋይ በወንዙ ስም «ቢርቢራይት» አሉት። ሰውየው ስሙን አገኘ፣ ወንዙ ስሙን አገኘ፣ ድንጋዩም ክርስትና ተነሣ። ጭቃውን በባሬላ የተሸከመው ሰው ብቻ ቀረ።

እኛ ጉራጌዎች በዚህ ነገር ላይ የምንለው አለን፤ የአካፋና የሸክም ታሪካችን ረጅም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ አያቶቻችን እንሰታቸውን ለሚስትና ለሽማግሌ ትተው እየወረዱ መሠረቷን ቆፍረዋል፣ ድንጋይዋን ፈልጠዋል፣ ዕቃዋን ተሸክመዋል። አሠሪያቸው በስም አያውቃቸውም ነበር። «አንተ ጉራጌ» ይበቃው ነበር። በቀን ሥራ ወረቀት ላይ ስማቸው ቢፈለግ አይገኝም።

ሆኖም ስማቸው የተጻፈበት አንድ ደብተር ነበር፤ የዕቁባቸው። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ከሁሉ በላይ ጸሐፊ አለው። ሳንቲም የከፈለ ስሙ ከነአባቱ ይጻፋል፤ ያልከፈለ ይጠየቃል፤ የታመመ ከሆነ ለምን እንደቀረ ይታወቃል፤ ዕጣው ሲወጣ ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ቀን ሙሉ «ና፣ አንሣ፣ ሂድ» ሲባል የዋለ ሰው እሑድ ከሰዓት በስሙ ይጠራል። ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገር ቤት ሲገባም ስም ያለው ሰው ሆኖ ነው የሚገባው፤ ሰንጋ ይገዛል፣ ክርክር ይዳኛል፣ ጎጆ ያሠራል። ያ የዕቁብ ልማድ ነው በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አድጎ መንገድ ማኅበር የሆነው። ከዓለምገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ለማሠራት የጉራጌ ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ከኪሱ አዋጣ። ዛሬ ከካባው የሚወጣው ቀይ ድንጋይ በዚያው መስመር ይመላለሳል።

ዕቁብን ላመልከው አይደለም። እግሩን ግድግዳ የተጫነውን ሰው ዕቁብ አያድነውም፤ ቢበዛ ተራውን ቀድሞ ይሰጠዋል። ጡረታ አይሆንም፣ ካሳ አይሆንም። ደግሞም የዕቁብ ዳኛ ሲያዳላ አይተን እናውቃለን። ግን ማን አለ ማን የለም ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያ ደብተር ውስጥ ይገኛል፤ ካባ ውስጥ አይገኝም። ግድግዳው ሲናድ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት «ማን ነበር ከሥር?» የሚል ነው። እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ትናንት ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ልጅ ወደ ሻይዋ ሴትዮ ሄዶ ይሁን ከሥር ይሁን የሚያውቅ ይጠፋል። ካቦው መኪናውን ይቆጥራል፣ ሻይ የምትሸጠው ደግሞ ብርጭቆዋን፤ እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ ለሰው ቁጥር የሚቀርበው የእሷ ብርጭቆ ነው።

በአካባቢያችን ካባ ለምታሠሩ፣ ለምትኮናተሩ፣ ፈቃድ ለምትሰጡም ጭምር የምለው አጭር ነው። ከሥር መቦርቦሩ ይቁም፤ ከላይ ወደ ታች በደረጃ ይቆረጥ፤ ጊዜ ይፈጃል፣ አዎ፣ በቀን ምናልባት አንድ መኪና ይቀንስባችኋል። ከዚያ ደብተር ግዙ። ጠዋት የገባውን ሁሉ ስሙን ከነአባቱ፣ ቀበሌውን፣ ቢጎዳ የሚጠራለትን ሰው ጻፉ፤ ማታ የወጣውን ምልክት አድርጉበት። መጻፍ የሚችል ከጠፋችሁ ከጫኞቹ መካከል የዕቁብ ጸሐፊ አይጠፋም፤ ለእሱ ስጡት። ለነገ ሳትሉ በሚቀጥለው መኪና ጀምሩ።