በብርሃን መጻፍ፤ ካሜራ ይዞ ወደ ላሊበላ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ካሜራ የሚለውም በላቲን ክፍል ማለት ነው፤ ይኸውም በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢበሳ በውጭ ያለው ነገር ተገልብጦ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ስለሚታይ ነው። ይህን መልክ በብረት ሰሌዳ ላይ የማስቀረቱ ጥበብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ ተገለጠ። እኔ ግን ጥበቡን የወደድሁት በላስታ ላሊበላ ነው።

ምክንያቱም እናቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ስንቃቸውን ተሸክመው፥ ብዙ ቀን በእግር ተጉዘው፥ የገናን በዓል በዚያ አክብረው ነበር። ዛሬ ጉልበታቸው ከደጃፍ አያሳልፋቸውም። «ቤተ ጊዮርጊስን አንድ ጊዜ ደግሞ ባየሁት» ሲሉ ስለ ሰማሁ አነስተኛ ካሜራ ገዝቼ ተነሣሁ።

ከተማይቱ ቀድሞ ሮሃ ትባል ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ትገኛለች። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በቅዱስ ላሊበላ ስም ይታወቃሉ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠሩ አይደሉም፤ ከቀላው አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ዩኔስኮም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ካሜራ የያዘ ሰው በዚህ ስፍራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ትዕግሥትን ነው። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል በጠለቀ ጕድጓድ ውስጥ የቆመ ስለ ሆነ፥ በማለዳ ፀሐይ የምታገኘው በጣራው ላይ የተቀረጸውን መስቀል ብቻ ነው፤ ግድግዳውና ወለሉ ገና በጥላ ውስጥ ናቸው። ዓይን ሁለቱን በአንድነት ያያል፤ ካሜራ ግን አይችልም። ለመስቀሉ ብርሃኑን ቢመጥኑለት ጕድጓዱ ይጠቁራል፤ ለጕድጓዱ ቢመጥኑለት መስቀሉ ይነጣል። ወይ አንዱን መምረጥ፥ ወይ ደመና መጥቶ ብርሃኑን እስኪያለዝበው ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት በአፋፉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። በዚያ ጥበቃ ውስጥ፥ ከዚህ ቀደም ዐይቼው የማላውቀውን የጥላ አካሄድ፥ የውሃ መውረጃውን፥ በአለቱ ላይ የቀረውን የመጥረቢያ ምልክት አየሁ። ፍቅሩ ያደረብኝ ያን ጊዜ ነው።

በዚያው አፋፍ ላይ አንዲት ሽማግሌ ተሳላሚ በመቋሚያቸው ተደግፈው ይጸልዩ ነበር። ጸሎታቸውን እስኪፈጽሙ ቆይቼ፥ «እማማ፥ ፎቶግራፍ ላንሣዎት ይፈቅዳሉ?» አልኋቸው። ጥቂት አስበው፥ «ልጄ፥ መልኬን ከወሰድህ ስሜንም ውሰድ» ብለው የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ። በማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት፤ ሥዕሉን የምልክበትንም አድራሻ ተቀበልሁ።

ወደ ቤቴ ተመልሼ፥ በፎቶ ቤት የታተሙትን ሥዕሎች በእናቴ ጕልበት ላይ ዘረጋሁ። ቤተ ጊዮርጊስን ባዩ ጊዜ ተሳለሙት። ከዚያ በኋላ የእኒያን ተሳላሚ ሥዕል አንሥተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፤ የተሰነጠቀውን ተረከዝ፥ የተጠቀለለውን ስንቅ በጣታቸው እየዳሰሱ፥ «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር የሄድሁት» አሉ። ቀጥለውም፥ «ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ በማታ ጸሎታቸው የእኒያን ሴት ስም ከልጆቻቸው ስም ጋር ያነሣሉ።

እንግዲህ ወላጆችና ወጣቶች ሆይ፥ ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ የግድ አያስፈልግም፤ ዛሬ በብዙ ቤት ያለው የእጅ ስልክ ይበቃል። ነገር ግን ሳታስፈቅዱ ሰውን አታንሡ፤ በጸሎት ላይ ያለውንም በብልጭታ አታውኩ። መልካም የወጣላችሁን ሥዕል በወረቀት አሳትሙት፤ በጀርባውም የሰውየውን ስም፥ ስፍራውንና ቀኑን ጻፉበት፤ አንዱን ቅጂ ለባለ መልኩ ስጡት። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ስማቸውን የሚያውቅ የጠፋ ስንት የአያቶች ሥዕል አለ! ሊነግሩን የሚችሉ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ፥ ዛሬ ማታ ሥዕሎቹን አውርዳችሁ ጠይቋቸው።