የነህምያ አራት ወራት



ተመርቃችሁ ቤት ከተቀመጣችሁ ወራት ያለፉ እንደ ሆነ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ የምትፈሩትን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «እህሳ፣ ሥራ ተገኘ?» ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሰላምታው ነው። ለተጠያቂው ግን ሸክም ነው። እኔም ከተመረቅሁ በኋላ አሥራ አንድ ወር ይህን ጥያቄ ተሸክሜ ደብረ ታቦር ላይ ወጥቻለሁ፣ ገብቻለሁ። አባቴ በሬ ሸጦ ያስተማረኝ ገበሬ ነው። እሱ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ የእሱ ዝምታ ከሁሉም ጥያቄ ይከብደኝ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ከሚቀርቡልኝ የጸሎት ርእሶች የሚበዛው የሥራ ነው። እጸልያለሁ፤ አብረን እንጸልያለን። ነገር ግን ከልመናው ጋር የምሰማው አንድ አባባል ያሳስበኛል፤ «ጌታ በሩን ሲከፍት እገባለሁ» የሚል። የሥራ በር በአገራችን እንዴት እንደሚከፈት ታውቃላችሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ ለምዝገባ አሥር ወይም ከዚያ ያነሱ የሥራ ቀናት ይሰጣሉ፤ ኦሪጅናልና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዞ መቅረብ ይጠየቃል። ያልተዘጋጀ ሰው በሩ ተከፍቶ ሳለ ውጭ ይቀራል።

በመጽሐፍ ቅዱስ የነህምያን ታሪክ ስታነቡ ወራቱን ቁጠሩ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን የሰማው በካሴሉ ወር ነው። ንጉሡ አርጤክስስ «ምን ትለምነኛለህ?» ብሎ የጠየቀው በኒሳን ነው። በመካከሉ አራት ወር ያህል አለ። አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ታዲያ ጥያቄው በድንገት ሲመጣ ምን መለሰ? «እስቲ አስቤ ልምጣ» አላለም። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሄድ ቀኑን ቆረጠ። ከወንዝ ማዶ ላሉት ገዥዎች የይለፍ ደብዳቤ ጠየቀ። የንጉሡን ደን የሚጠብቀውን አሳፍን በስም ጠርቶ፣ እንጨቱ ለየትኛው በርና ለየትኛው ቤት እንደሚሆን ተናገረ። ጠጅ አሳላፊ የነበረ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጀምበር አላወቀውም። እኔ እንደማነበው፣ እነዚያ አራት ወራት የጸሎትም የዝግጅትም ወራት ነበሩ። ቅጥሩ በ52 ቀን መጠናቀቁን ሁላችንም እንሰብካለን፤ ከ52ቱ ቀን በፊት ስለነበሩት አራት ወራት ግን ብዙ ስንናገር አልሰማሁም።

ገበሬ ወላጆቻችንም ይህን ያውቃሉ። ለጤፍ የሚሆን መሬት ደጋግሞ ይታረሳል። ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው፤ እርሻው ግን የገበሬው ነው። ዝናብ ሲጥል ሞፈር ፍለጋ የሚወጣ ሰው በፋርጣ አላየሁም።

አሁን ወደ እናንተ አራት ወራት ልምጣ።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን አሟሉ። ዲግሪያችሁ፣ የውጤት ማስረጃችሁ፣ የቀበሌ መታወቂያችሁ ወይም ፋይዳችሁ፣ ከ2015 ወዲህ ከተመረቃችሁም የመውጫ ፈተና ውጤታችሁ በአንድ ክላሰር ይቀመጥ። ስማችሁ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጡ፤ በአንዲት ፊደል ልዩነት ከምዝገባ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። የወጪ መጋራት ጉዳያችሁ ምን ላይ እንዳለ ሬጅስትራር ጠይቁ። ገንዘብና ንብረት በሚያዝበት ሥራ ላይ ተያዥ ይጠየቃል። «ማን ይሆነኛል?» የሚለውን ዛሬ አስቡት። የተያዥነት ጥያቄ ለአጎትም ቢሆን ከባድ ነው፤ በመጨረሻው ቀን ሮጦ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን መንገድም ኔትወርክም እንደ ልብ አልሆነም። ስለዚህ የማስረጃችሁን ፎቶ ስልካችሁ ላይ፣ ኮፒውን ደግሞ ባሕር ዳር ባለ የምታምኑት ሰው እጅ አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ የምትችሉትን በሥራ አሳዩ። «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ሰልፉ ይረዝማል። ሌላው ሁሉ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። ይህን ሳስብ ጋፋት ትዝ ይለኛል። ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ስፍራ፣ ዓጼ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መድፍ ያሠሯቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ ወንጌልን ለማገልገል የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ የሠለጠኑት በባዝል አቅራቢያ በሚገኘው ቅድስት ክሪሾና ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር የያዙ ሰዎችን ይልክ ነበር። የመድፍ ልምዳቸው ግን ያው 0 ዓመት ነበር። ሙከራው ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ በ1860 መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖል ከእጃቸው ወጣ። የጦር መሣሪያ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ያላወቁትን በእጅ እየሞከሩ መማራቸውን ግን ልብ እላለሁ።

ከወጣቶቻችን መካከል አንዲት እህት በአካውንቲንግ ተመርቃ ዓመት ያህል ተቀመጠች። ደብተር ይዘን ተቀመጥንና የምትችለውን ጻፍን። ፒችትሪ ተምራለች፤ በእውነተኛ ሒሳብ ላይ ግን ሠርታ አታውቅም። አንድ የምናውቀው ባለ ሱቅ ደረሰኞቹን በካርቶን ያጠራቅም ነበር። ሄዳ «ልደርድርልዎ» አለችው። በትራንስፖርት ብቻ ሦስት ወር ሠራች፤ ሲያበቃ የተፈረመበት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጻፈላት። በቀጣዩ የጽሑፍ ፈተና አራተኛ ወጣች። የተፈለገው ሦስት ሰው ስለነበር ተጠባባቂ ተባለች። ያን ቀን አለቀሰች፤ እኔም የምላት አጥቼ አብሬያት ተቀመጥሁ። ከመስክ ሥራው የተጠባባቂ ጥሪ እስካሁን አልመጣም። ወረታ ያለ የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ግን ያንን ደብዳቤ አይቶ ቀጥሯታል። ደመወዙ ትልቅ አይደለም፤ ቢሆንም ቀጣዩን ማስታወቂያ «0 ዓመት» ብላ አትመዘገብም።

ሦስተኛ፣ እንደ ነህምያ ዞራችሁ እዩ። እሱ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ቅጥሩን ዞሮ መረመረ። እናንተም በቀን ዙሩ። ከንፋስ መውጫ እስከ ወረታ፣ ከዚያም እስከ ባሕር ዳር በሙያችሁ ሰው የሚቀጥሩትን ጻፉ፤ መሥሪያ ቤት፣ ባንክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ዩኒየን፣ ክሊኒክ፣ ነጋዴ። ሃያ ስም ከሞላ መልካም ነው። ማስታወቂያቸውን የት እንደሚያወጡ፣ በሰሌዳ ይሁን በበኩር ጋዜጣ ወይም በቴሌግራም፣ ከጎኑ ጻፉ። እዚያ የሚሠራ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ ሂዱና ፈተናው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ነውር የለበትም፤ ነህምያም ደብዳቤ ጠይቋል።

ነውሩ ሌላ ነው። «ይህን ያህል ካመጣህ ስምህ ይገባል» የሚላችሁ ሰው ይመጣል። አንዳንዱ አታላይ ነው፤ ብሩን ይዞ ስልኩን ይዘጋል። ሌላው ግን የሚለውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አባት በሬ በሸጠበት ቤት፣ ዓመት በጠበቀ ልብ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚል ፈተና ቀላል አይደለም። መልሳችሁን ሰውየው ፊት ቆማችሁ አትፈልጉት። አሁን፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ፣ በጸሎት ወስኑት። እሱም የዝግጅቱ አካል ነው።

ይህን ሁሉ አድርጎ ያላገኘ ሰው የለም አልልም፤ አለ። ተመራቂው ብዙ ነው፣ ቦታው ጥቂት ነው። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ የእምነታችሁ ማነስም አይደለም። እንዲህ የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት። የታረሰ መሬት ግን ዝናቡ ቢዘገይም የታረሰ ነው።

እናንተ ሥራ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ በመጪው እሑድ በር ላይ ያንን ተመራቂ ስታገኙት «ሥራ ተገኘ?» አትበሉት። «ሲቪህን አምጣና አብረን እንየው» በሉት።