የሲኒየር ፕሮጀክት ርዕስ ለምትፈልጉ የኬሚስትሪ ልጆች

ሰሞኑን ተመራቂ የኬሚስትሪ ተማሪዎች በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ምን ርዕስ ልያዝ? ይዘውት የሚመጡት ሐሳብም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ከባህል መድኃኒት ተክል ካንሰር የሚፈውስ አዲስ ውህድ ማውጣት። በአንድ ሴሚስተር፣ ኤንኤምአር በሌለበት ግቢ! ጉጉቱን እወደዋለሁ፤ ርዕሱን ግን ተዉት።

ላብ ኮርስ ላይ መልሱ ቀድሞ ይታወቃል። ቲትሬሽኑ ካልገጠመ አስተማሪው የት ላይ እንደሳታችሁ ይነግራችኋል። ፕሮጀክት ላይ ግን መልሱን አማካሪያችሁም አያውቀውም። ያገኛችሁት ነገር እውነት መሆኑን የምታረጋግጡት እናንተው ናችሁ፤ ከባዱም ይኸው ነው።

ቲኤልሲን እንውሰድ። ሲሊካ የተቀባችው ፕሌት ላይ ከግርጌ በእርሳስ ታሰምራላችሁ (በእስክሪብቶ ከሆነ ቀለሙም አብሮ ይወጣል)፣ ናሙናውን በካፒላሪ ጠብ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ሄክሴንና ኢታይል አሲቴት ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁማችሁ ትከድናላችሁ። ነጥቡ ፈሳሹ ውስጥ ከተነከረ ናሙናችሁ እዚያው ሟሙቶ ቀረ። በ254 ናኖሜትር የዩቪ መብራት ሥር አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ሲታይ "ንጹሕ ውህድ አገኘን!" ማለት ያምራል። የፈሳሹን ምጥጥን ቀይራችሁ ድገሙት እስኪ። ያው ነጥብ ሁለት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ምርምር የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ብዙ ሪፖርት ግን አንዷን ነጥብ ፎቶ አንስቶ እዚያው ያበቃል።

ትልቅ ግኝት ከትልቅ ርዕስ ብቻ ይመጣል ያለው ማን ነው? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው። ለምን እዚህ ሞቱ? ከዚያች ጥያቄ ተነስቶ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን በእንዶድ የመከላከል ምርምር መጣ፤ ከፍሬው የተለየው ሳፖኒንም በስማቸው ሌማቶክሲን ተባለ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሰፈራችሁም አለ። መቂና ዝዋይ አካባቢ ያደጋችሁ፣ በፍሎራይድ ጥርሱ የበለዘ ዘመድ አይጠፋችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የሰፈራችሁ ጉድጓድ ስንት ነው? ከዝናብ በኋላስ ይቀንሳል? ይህ ለአንድ ፕሮጀክት ይበቃል። ብቻ ፕሮፖዛሉን ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ላብ ቴክኒሻኑ ሂዱና የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ መኖሩን፣ ካለም መሥራቱን ጠይቁ።