ለፋሲካ ያልታረደው አውራ

የሐበሻ ዶሮ ሐበሻ አይደለም። ይህን የበዓል ዋዜማ ዶሮ ተራ መሐል ቆሞ መናገር አይመከርም፤ ሻጭም ገዢም ይቆጣል። የሚሻለው ወጡ ከተበላ በኋላ ቡና ሲፈላ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። የዶሮ ዘር መነሻው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ነው። የዱር ዘመዱ፣ ቀዩ የጫካ ዶሮ፣ ዛሬም በታይላንድና በአካባቢዋ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እየጫረ ይኖራል። አውራውን በፎቶግራፍ ያየ ሰው፣ ጎጃም ገበያ ላይ እግሩን ታስሮ ከተጋደመው ቀይ አውራ ለመለየት ይቸገራል።

ታዲያ መቼ መጣብን? ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለ የጥንት መንደር አርኪዮሎጂስቶቹ ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ ያጠኑት የዶሮ አጥንት አለ። ዕድሜው ሲለካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ820 እና በ595 መካከል ሆኖ ተገኘ። አክሱም ገና መንግሥት ሳትሆን ማለት ነው። በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው። ከ2,600 ዓመት በላይ በረታችንን ሲጭር የኖረን ፍጡር እንግዳ ማለት ነውር ነው፤ በተለይ በርበሬ ራሷ ከአሜሪካ ምድር ተነሥታ እኛ ዘንድ የደረሰችው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ መሆኑን ላሰበ ሰው። ዶሮው በርበሬዋን ሁለት ሺህ ዓመት ጠብቋታል። በዚያ ሁሉ ዘመን በምን ይሠራ እንደነበር ማሰብ ለኔ ቢጤው የወጥ ወዳጅ የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

«የፈረንጅ ዶሮ» የምንለው ደግሞ የትናንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጅማና የዓለማያ እርሻ ትምህርት ቤቶች ሮድ አይላንድ ሬድና ኋይት ሌግሆርን የሚባሉትን አስመጡ። የመጀመሪያዋ ስሟን ከአሜሪካ ክፍለ ግዛት፣ ሁለተኛዋ ከጣሊያን ወደብ የወሰደች ናት። ከዚያ ወዲህ ከግብፅ ፋዩሚ፣ ከደቡብ አፍሪካ ኮይኮክ፣ ከፈረንሳይ ሳሶ፣ ከኔዘርላንድስ ቦቫንስ ብራውን ተከታትለው ገቡ። አሳቡ ቀናና የሚገባ ነበር። የሰፈር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ እሱም ትናንሽ። ቦቫንስ በደንብ ከተቀለበች 300 ትደርሳለች። አንድ ሹም ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሲያየው ለሰፈሯ ዶሮ የሚያዝንበት ምክንያት አይታየውም።

ሒሳቡም ሥራውን ሠራ። በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታትስቲክስ የናሙና ጥናት ከ57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎቻችን ውስጥ ከመቶው 79 ያህሉ ብቻ የሐበሻ ነበሩ። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ከመቶው ከ95 በላይ ነበሩ። አንድ የክልስ አውራ አጥር ዘልሎ ከገባ የጎረቤቱም ጫጩት ክልስ ስለሚሆን፣ ቆጣሪው «የሐበሻ» ብሎ ከመዘገባቸው ውስጥ ስንቶቹ ጠርተው እንደቀሩ እግዜር ይወቅ።

አክስቴ የሚኖሩት ቲሊሊ ነው፣ አዊ። ዶክተር ታደለ ደሴ በርሊን ለሚገኘው ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የአምስት አካባቢ ዶሮዎችን ሲያነጻጽሩ፣ ቲሊሊ፣ ሆሮ፣ ጨፌ፣ ጃርሶና ቴፒ ብለው ነው የለዩዋቸው። በአካባቢ ስም መለየታቸው ያለ ነገር አይደለም። እነዚህ እንደ ሌግሆርን ሁሉም አንድ መልክ የያዙ፣ መዝገብ ያላቸው ዘሮች አይደሉም። በየደጋውና በየቆላው የአየሩ፣ የበሽታው፣ የገበያውና የጭልፊቱ ምርጫ ቀስ በቀስ የሠራቸው ወገኖች ናቸው። ይህን ለአክስቴ በስልክ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ የእርስዎ ሰፈር ዶሮ እኮ በርሊን ድረስ ተጠንቷል።»

«ዶሮው ሄደ ወይስ ወሬው?»

«ወሬው ነው።»

«እንግዲያስ ክፉ አልደረሰበትም» አሉና ወደ ጤፉ ዋጋ ተሻገሩ።

የሳቸው ግቢ ዶሮዎች አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ገብስማ አለ፣ ወሰራ አለ፣ ኮክማ፣ ቴተርማ፣ ዥግርማ፣ ራሷ ላይ ላባዋ ተንጨፍርሮ ጉትዬ የምትባል አለች፣ አንገተ መላጣም አለች። ያቺ አንገተ መላጣ ስታስጠላ! ላባ የሌለው አንገት ግን ሙቀት ስለሚያስወጣላት ለቆላ የተመቸች ናት፤ የዶሮ አርቢ አገሮች ለሙቀት የሚሆን ዶሮ ሲያወጡ ይህችን የመላጣነት ዘር ፈልገው ነው የሚያዳቅሉት። አክስቴ ደጋ ላይ ለምን እንዳስቀመጧት ጠይቄያቸው ነበር። ለመንቀል አትቸግርም አሉኝ።

ይህ ሁሉ ቀለም እንዴት ሳይጠፋ ቆየ ብዬ ሳስብ የደረስኩበት መልስ ለጥናት ጽሑፍ አይመችም። የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ባለሙያ ሳይኖር በፊት ቀለሙን የጠበቁልን በዓልና ባለ ዛር ናቸው። ለዘመን መለወጫ ነጭ የሚሉ ቤቶች አሉ፤ ቀይ ድርብ ካልሆነ ክርስትና አልተነሣም የሚሉ አሉ። ጠንቋዩ ዘንድ የሄደ ሰው ደግሞ «ገብስማ ዶሮ፣ ሌላ ምልክት የሌለባት» ተብሎ ታዝዞ ይመለሳል። ጠንቋዩ የማይገኘውን መርጦ ነው የሚያዘው፤ በቀላሉ ከተገኘማ ሥራው ምኑ ላይ ነው? አክስቴ የጥንቆላ ስም ሲነሣ ያማትባሉ፣ ዓርብ ረቡዕ አይገድፉም። ነገር ግን ጥቁር ዶሮ ከግቢያቸው ጠፍታ አታውቅም። ገዢው ለምን እንደሚፈልጋት አይጠይቁትም፤ በዋጋ ግን አይደራደሩም። ውጪ አገር አንድን ቀለም ከመጥፋት ለማዳን ማኅበር ያቋቁማሉ፣ በዓመት ኤግዚቢሽን ያዘጋጃሉ። እኛ ዘንድ ክፉ መንፈስ በነፃ ሠርቶልናል።

የሐበሻ ዶሮ ዋናው ሀብቷ ግን ቀለሟ አይደለም፤ መታቀፏ ነው። የፋብሪካዋ ዶሮ እንቁላል መጣል እንጂ መታቀፍ አታውቅም፤ ይህ ጠባይ እንቁላል ያስቀንሳል ተብሎ በምርጫ ከደሟ ወጥቷል። ማስፈልፈያ ማሽንና መብራት ከሌለ እሷ ዘር አትተካም። የአክስቴን አንዷን ታቅፋ አይቻታለሁ። ጓዳ ውስጥ ጭድ በተጎዘጎዘበት እንቅብ ላይ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣለች፣ ሰው ሲጠጋ ከሆዷ የሚወጣ ነገር ታጉረመርማለች። ዝም ብዬ ስጠብቅ በመንቁሯ ከዳር አንዱን እንቁላል ስባ ወደ ደረቷ ከተተች፤ ከመሐል ደግሞ ሌላውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ዳር አወጣችው። ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። ይህንኑ እያደረገች 21 ቀን ትቆያለች፣ ውኃና ጥሬ ልትቀምስ ለጥቂት ጊዜ ካልወጣች በቀር አትነሣም። አክስቴ እንቁላል በሚፈልጉበት ወር ደግሞ ይህችኑ ዶሮ ለማስተው የማያደርጉት የለም፤ ከራሷ ላባ አንዱን ነቅለው አፍንጫዋ ላይ ይሰኩባታል፣ ካልሆነም ለጎረቤት ያውሷታል። ዶሮዋ ሰው ቤት ስታድር ሐሳቧን ትለውጣለች።

ሁዳዴ ሲገባ ግን አያስተዉዋትም። እንቁላል አይበላም፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ ስለዚህ ያስታቅፏታል። ጾማችን ለዶሮ ዘር ያደረገው ውለታ ይኸ ነው። ጉዳቱ ያለው ፍስኩ ላይ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ከግቢው ተመርጦ ለገበያ የሚወጣው የትኛው ነው? ትልቁ፣ ደረቱ የሞላው፣ ቶሎ ያደገው፣ ፈንግል መንደሩን ሲያራቁት ሳይነካው ያለፈው አውራ። ቀጫጫው ዋጋ ስለማያወጣ እቤት ይቀራል፤ ቀርቶም የመጪው ዓመት ጫጩት ሁሉ አባት ይሆናል። በዓመት በዓመት ምርጡን እየበላን ውራጁን እናረባለን። እንዲህ ተደርጎ ብዙ ዘመን የቆየ ዶሮ ሙሉ በሙሉ ድንቢጥ አለማከሉ ይገርመኛል። «የፈረንጅ ዶሮ ትልቅ ነው» የሚለው ሰው ፈረንጁ ትልቁን ለዘር አስቀርቶ ትንሹን መብላቱን አያስታውስም።

ይህን ልማድ ገልብጦ ማየት የተጀመረው በቢሾፍቱ ነው። በዚያው ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና ከኔዘርላንድሱ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሆሮን ዶሮ፣ ማለትም የወለጋዋን የሻምቡን አገር ዶሮ፣ እንቁላሏን ከየገበያው ሰብስቦ አስፈለፈለ። ከዚያ ሥራው የሒሳብ ሹም ሥራ ነው። እያንዳንዷ ጫጩት ክንፏ ላይ ቁጥር ይደረግላታል፣ ትመዘናለች፣ እንቁላሏ ይቆጠራል፣ ከብዙዎቹ የተሻሉት ጥቂቶቹ ብቻ የመጪው ትውልድ ወላጅ ይሆናሉ። ትውልድ ከትውልድ እንዲሁ። ንጉሴ ዳና የጀመሩትን ወንድምነህ እሳቱ ቀጠሉት፤ ሁለቱም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩበት። የሆሮ ዶሮ ያለ ማንም ባዕድ ደም ክብደቷም እንቁላሏም ጨመረ። ለኔ የነገሩ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የሰፈሯ ዶሮ ችሎታ አጥታ ሳይሆን የሚመርጣት አጥታ ነበር።

ቅር የሚለኝ ነገር ግን አለ። ለእንቁላል ብዛት እየተመረጠች የምትሄድ ዶሮ አንድ ቀን መታቀፍን ትተወዋለች፤ ሌግሆርንም የሄደችበት መንገድ ይኸው ነው። የሆሮን ዶሮ አሻሽሎ ሌግሆርን ላይ ለመድረስ ከሆነ ሌግሆርንን መግዛት ይቀል ነበር። ስለዚህ ያልተነካችውም ሆሮ ሻምቡ ግቢ ውስጥ መቆየት አለባት፣ ቲሊሊም ቲሊሊ።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ብናስቀምጣትስ? የስንዴና የጤፍ ዘር እንዲያ ይቀመጣል፤ አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንካችን ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ሲሠራ ኖሯል። ዶሮ ግን እምቢ ባይ ናት። እንቁላሏ ቀዝቅዞ በኋላ አይፈለፈልም። የአውራው ዘር ፈሳሽ ይቀመጣል፣ ነገር ግን በወፎች ዘንድ ሴት የምታደርገውን ክሮሞዞም የያዘችው እናቲቱ ስለሆነች የአባት ብቻ ማኖር ጎደሎ ነው። ዶሊ የተባለችዋን በግ ያስገኘው የስኮትላንዱ ሮዝሊን ተቋም መላ ዘይዷል፤ ከጥቂት ቀን ፅንስ ላይ የነገ እንቁላልና የነገ ዘር የሚሆኑትን ሕዋሳት ወስዶ ያቀዘቅዛል፣ ሲፈለጉ የራሷ ዘር እንዳይኖራት በተደረገች ሌላ ዶሮ ውስጥ ያኖራል፣ እሷም የማታውቀውን ዘር ትጥላለች። ድንቅ ጥበብ ነው። ይሁንና ያ ሁሉ ሕዋስ በመጀመሪያ ከአንዲት ሕያው ዶሮ መምጣት አለበት፤ ዶሮዋም ከአንዲት ሴት ግቢ። የገጠር ዶሮ የሴት ገንዘብ ነው፤ ጨውም ደብተርም ከሱ ይወጣል፣ ባል አይጠየቅበትም።

እኔም ከአክስቴ ጋር ድርድር የገባሁት ለዚሁ ነው። አንድ ገብስማ አውራ አላቸው፤ ድርብ፣ ሲራመድ መሬቱን የሚንቅ፣ ከፈንግል የተረፈ። ፋሲካ ሳይደርስ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ያን አውራ ባይሸጡት። ለዘር ይቅር።»

«ለዘርማ ትንሹ አለ።»

«እኮ ትንሹ ይሸጥ።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የኔን ዶሮ የምታጋባው?» አሉ። ከዚያ ግን ዋጋ ጠሩ፤ የፋሲካ ዋዜማ ዋጋ፣ ያውም የባሕር ዳር። እስከ መስከረም ለሚበላው ጥሬ የተለየ ሒሳብ። በመካከሉ ቢሞት ወይ ሸለምጥማጥ ቢበላው ብሩ አይመለስም። ፋሲካ ሲያልፍ ከእህታቸው መንደር አውራ ጋር ይለዋወጡታል፣ የገዛ ሴት ልጆቹን እንዳያገባ። ይህኛውን እኔ አልነገርኳቸውም፤ ድሮም የሚያደርጉት ነው።

በቴሌብር ላክሁ። እሳቸውም በዚያው ብር ከገበያ ሌላ ቀጫጫ አውራ ገዝተው፣ የራሳቸውንም ቀጫጫ ጨምረው ለፋሲካ ሠሩ፤ የተረፈውን ብር መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩ። ወጡ ሥጋው ትንሽ ነበር አሉ፣ ሽንኩርት ጨመሩበት።