8 ቶን የሚለው ክሪክ

ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ ስለ ሞተር ማውጫ ክሬን ነው። እዚህ ቨርጂንያ ግማሾቻችን መኪናችንን የምንጠግነው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ ይመለከታችኋል።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ወዳጃችን የሲየናውን ሞተር ሊያወጣ ሰበሰበን። ክሬኑ አሮጌ ነው፣ ባለ 2 ቶን። "አፕግሬድ አድርጌዋለሁ" አለን በኩራት። ዘይት የሚያፈሰውን ክሪክ ጥሎ 8 ቶን የሚል አዲስ ገጥሞለታል። የሲየና ሞተር ደግሞ ወደ መስታወቱ ስር ገባ ያለ ነውና ክንዱ አልደርስ ቢለው በብረት ቱቦ ቀጥሎ በይዶታል። ብየዳው ያምራል፣ እጁ ወርቅ ነው።

አየሁትና ዝም አልኩ። አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር "መጣ ኢንጂነሩ!" ተብሎ ይሳቃላ።

ሞተሩ ከነካምቢዮው ከመቀመጫው ተላቀቀ። ወዳጃችን ሳይነቀል የቀረ ሽቦ አይቶ እጁን ከስር ሰደደ። በዚያው ቅጽበት የክሬኑ የኋላ ጎማዎች ከሲሚንቶው ብድግ አሉ። ሁለታችን ዘለን ተጫንነው። እጁን እንዴት እንዳወጣ እሱም አያውቅም። የሰዓቱ መስታወት ደቅቋል።

አሁን፣ ያኔ መናገር የነበረብኝን ልናገር። 8 ቶን የሚችለው ክሪኩ እንጂ ክሬኑ አይደለም። ክሪኩ የሚገፋው ከክንዱ ማጠፊያ አጠገብ ስለሆነ፣ ጫፍ ላይ ያለውን ክብደት ብዙ እጥፍ አድርጎ መሸከም አለበት። ባለ 2 ቶን ክሬኖች ከፋብሪካም ብዙ ጊዜ ባለ 8 ቶን ክሪክ ይዘው ነው የሚመጡት። ወዳጄ የጨመረው ነገር የለም ማለት ነው። ክንዱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እዩ፦ 2፣ 1.5፣ 1፣ ግማሽ ቶን ይላሉ። በጎተታችሁት ቁጥር አቅሙ ይወርዳል። ከመጨረሻው ቀዳዳ አልፋችሁ ብትቀጥሉ ደግሞ ክብደቱ ከፊት ጎማዎቹ አልፎ ይንጠለጠላል። ያኔ ብረቱ ባይሰበርም ክሬኑ ይገለበጣል።

ገንዘብ ማውጣት ካማራችሁ ሞተሩን የሚያመጣጥነውን ባለ እጀታ ማንጠልጠያ ግዙ። ሰንሰለቱን የሚያስረው ቡሎን አናቱ ላይ 10.9 የሚል ይሁን፣ ጥርሱም እስከ መጨረሻው ይግባ። ክሬኑን ከመግፋታችሁ በፊት ሞተሩን መሬት ሊነካ እስኪቀርብ አውርዱት። እጅ ከስር አይገባም፣ ለአንዲት ሽቦም ቢሆን።

ሲየናውን በቶው ትራክ ሊፍት ያለው ጋራዥ ወስደን ሞተሩን ወደ ታች እናወርደዋለን፤ ከመጀመሪያውም መንገዱ ያ ነበር።

ሰኞ ማታ የተቆረጠውን ቱቦ ፎቶ ላከልኝ። ከስሩ "ኢንጂነር፣ አይተህ ነበር አይደል?" ብሎ ጽፏል። እስካሁን አልመለስኩለትም።