ሰባ ሁለት ዕቃዎች

የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለሁ ስለ አውሮጳ ሥነ ጥበብ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ የማሪና አብራሞቪችን ታሪክ አገኘሁ። ይህች የቤልግሬድ ተወላጅ እስከ 6 ዓመቷ ያደገችው በኦርቶዶክስ ሃይማኖቷ በጸናች አያቷ እጅ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በናፖሊ ከተማ 72 ዕቃዎችን በገበታ ላይ አኖረች፤ ጽጌረዳ፥ ማር፥ መቀስ፥ ምላጭ፥ ሽጉጥም ከአንዲት ጥይት ጋራ ነበረበት። ከዚያም ተመልካቾቹ በእነዚህ ዕቃዎች የወደዱትን ያደርጉባት ዘንድ ፈቅዳ 6 ሰዓት ያለ ቃል ቆመች።

በመጀመሪያ አበባ አስያዟት። ቆየት ብሎ ግን ልብሷን ቀደዱ፥ ቆዳዋንም በምላጭ ቆረጡ፤ አንዱም ሽጉጡን አጕርሶ ወደ አንገቷ ቢያስጠጋው ሌሎች ተናንቀው አስጣሉት። ሰዓቱ ተፈጽሞ ወደ እነርሱ መራመድ ብትጀምር ሸሹ።

ይህን ለእናቴ ባነብላት «እብደት ነው እንጂ ምን ጥበብ አለው?» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፥ ገላን እንዲህ ለአደጋ መስጠትን እኔም አላመሰግንም። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የነሡኝ ግን የሸሹት ሰዎች ናቸው፤ የጥበብ ሥራ ለማየት የመጡ ተራ ከተሜዎች ነበሩና።

በማግሥቱ እናቴ ቡና እየቆላች ድንገት ቀና አለችና፥ «ያ አበባ ያስያዛት ሰው፥ ሲቆርጧት ወዴት ነበረ?» ብላ ጠየቀችኝ።